እሳትና ውሃ አያንሱም

ከአንኮበር ተራራ ግርጌ በአሊዩ አምባ ቆሜ፣ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ግመሉን አራግፎ ሸክሙን ለደጋው አቀበት በበቅሎና በሰው ጫንቃ ያስጭንበት የነበረውን ሥፍራ በተመለከትሁ ቁጥር፣ አንድ ጥያቄ በልቡናዬ ይመላለሳል፤ ምሳሌ ለአማናዊው ጥላው ብቻ ነውን? ወይስ ከባሕርዩ ይካፈላል?

ጥያቄው ለዚህ አቀበት ባዕድ አይደለም፤ ሸክምን ከበቅሎና ከሰው ጫንቃ ያወርዳል የተባለው ባቡር አስቀድሞ የታየው በምሳሌ ነውና። የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ሸዋ ከገባ በኋላ፣ የባቡርን ነገር ለምኒልክ ለማስረዳት ትንሽ አምሳሉን በሐዲድ ላይ አቁሞ እንዳሳያቸው ይተረካል። ከዚያም የባቡር ሐዲዱ ሥራ ውል በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ተፈቀደ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ካረፉ ከሦስት ዓመት በኋላ ነበር። እንግዲህ በመዲናቸው ላላዩት ነገር መታመኛ የሆነቻቸው ያች ምሳሌ ናት።

ሙሴም ደብተራ ኦሪትን ከመትከሉ አስቀድሞ ምሳሌዋን በደብረ ሲና አየ፤ በየመቅደሳችን መንበር ላይ ያለችውም ታቦት የጽላተ ሙሴ አምሳል ስትሆን ክብሯ በመጠኗ አይለካም።

ታናሽ ምሳሌ ከአማናዊው ባሕርይ የሚካፈልበትን ይህን ምሥጢር በእንፋሎት የምትሄድ ትንሽ ባቡር ለዓይን ትገልጸዋለች። ርዝመቷ ከታላቂቱ ዐሥረኛ እጅ ቢሆን፣ የገጿ ስፋት መቶኛ፣ የምትይዘው ውሃ ግን ሺሕኛ እጅ ብቻ ይሆናልና፣ ለጥቂት ውሃዋ ገጿ በዝቶባት ፈጥና ትቀዘቅዛለች። ሠሪዋ መንኰራኵሯንና ብሎኗን በልክ ያሳንሳል፤ እሳትንና ውሃን ግን ማሳነስ አይቻለውም፤ ሁለቱም በታላቂቱ እንደሚያደርጉት በዚያው በተፈጥሮ ሕጋቸው ይኖራሉ። ስለዚህ ብልህ ሠሪ፣ የእሳቱ ትንፋሽ የሚያልፍባቸው ቧንቧዎች በልክ ቢያንሱ እንዳይታፈኑ፣ ቁጥራቸውን ቀንሶ ስፋታቸውን ይጨምራል፤ የታላቂቱን ባሕርይ እንድትመስል ብሎ ከመልኳ ጥቂት ይተዋል።

ከዚህ የተረዳሁት፣ እውነተኛ መምሰል በመልክ ሳይሆን በውስጥ የሚነደውን በመቀበል መሆኑን ነው። በአርአያ እግዚአብሔር የተፈጠረ ሰው፣ የአባቶቹን ጥምጥምና አነጋገር አንድ ሳያጎድል ይዞ ፍቅር በውስጡ ካልነደደ፣ በግድግዳ ላይ እንደተሣለ ባቡር ነው፤ ጢሱ ይታያል እንጂ አይሄድም። ያ እሳት ያለበት ግን፣ ምንም ታናሽ ቢሆን፣ ከአማናዊው ወገን ነው።

ይህን ሕዝባችን ከፈላስፎች ቀድሞ ሳያውቀው አልቀረም። ባቡር የሚለው ስም እንፋሎት ከሚል የፈረንጅ ቃል የመጣ ነውና፣ እህል የሚፈጨውንም ሞተር፣ በሐዲድ ላይ ሳይሄድ፣ ያው ባቡር ብሎ ጠራው። ጤፏን በቁና ሰፍራ «ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ» የምትል እናት፣ ስሙን የሰጠችው ለመልኩ ሳይሆን በውስጡ ነዶ ለሚሠራው ነው።