ቻይ ሰው

"ቻይ ነው" የምንለው ሰው በየቤቱ አለ። በየመሥሪያ ቤቱም አይጠፋም። ሥራ ሲበዛ ለእሱ ይጨመርለታል፤ ሌላው ሲቀር እሱ ይተካል፤ ሌላው ሲያኮርፍ እሱ ይስቃል። "ቻይ" ስንለው ማመስገናችን ነው። እኔም ይህን ቃል ስንት ዓመት ሙሉ እንደዋዛ ስወረውረው ኖሬያለሁ። ቆም ብዬ እንድመረምረው ያደረገኝ ካልጠበቅኩት ቦታ የመጣ ነገር ነው፤ የአሜሪካ ፉትቦል።

እህቴ የምትኖረው ኦሃዮ፣ ኮለምበስ ነው። ልጠይቃት በሄድኩበት ሰሞን አንድ እሑድ ከልጇ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ፣ ያቺን እንቁላል መሳይ ኳስ በዓይኔ ሳሳድድ ልጁ ሳቀብኝ። "ጋሼ፣ ኳሷን ይተዉዋት። እነዚያን አምስት ግዙፎች ይመልከቱ" አለኝ።

አምስቱ ግዙፎች የሚያጠቃው ቡድን የፊት መስመር ናቸው። ኳስ ይዘው አይሮጡም፤ ሕዝቡም የሚጨበጭበው ለእነሱ አይደለም። ሥራቸው ከኋላቸው ቆሞ ኳሷን የሚወረውረውን፣ ኳርተርባክ የሚባለውን ተጫዋች ሊደቁስ የሚመጣውን ሌላ ግዙፍ በገላቸው ማቆም ነው። ሦስት ሰከንድ ካስገኙለት ትልቅ ነገር ነው። በደንብ ሲሠሩ ስማቸውን የሚያነሣ የለም። ሲያጠፉ ግን ዳኛው የማልያ ቁጥራቸውን በድምፅ ማጉያ ጠርቶ ለስታዲየሙ ሁሉ ያውጃል።

ልጁ ከእነዚህ መሐል የሚወደው ጆ ቶማስ የሚባለውን የክሊቭላንድ ብራውንስ ተጫዋች ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቡድኖች ከኮሌጅ የወጡ ልጆችን በሚመርጡበት በዚያ ትልቅ ቀን፣ በ2007፣ ቶማስ በካሜራ ፊት ከመቀመጥ ይልቅ ከአባቱ ጋር ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ዋለ። ክሊቭላንድ በ3ኛ ተራ መረጠው። ከዚያች የመጀመሪያ ጨዋታው ጀምሮ ቡድኑ ለማጥቃት ኳስ ባስጀመረ ቁጥር ቶማስ በግራ በኩል ቦታው ላይ ነበር። አንድም ሳያመልጠው፣ በተከታታይ 10,363 ጊዜ! ኦክቶበር 2017 በ167ኛው ጨዋታው የግራ ክንዱ ጡንቻ ተበጠሰና ቆጠራው ቆመ። በ2018 ጨዋታ አቆመ፤ በ2023 እዚያው ኦሃዮ፣ ካንተን ከተማ በሚገኘው የፉትቦል ዝነኞች አዳራሽ ስሙ ሰፈረ።

እንግዲህ "ትርፉ ምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። በእነዚያ 167 ጨዋታዎች ቡድኑ ያሸነፈው 48ቱን ብቻ ነው። 119 ጊዜ ተሸንፏል። ስድስት ዋና አሠልጣኞች ተፈራርቀውበታል። ከኋላው ቆመው ጨዋታ የጀመሩት ኳርተርባኮች 20 ናቸው። ቡድኑ ዋንጫ ይቅርና ለጥሎ ማለፉ እንኳ አንድም ቀን አልበቃም። በ2015 ወደ ዴንቨር ሊሄድ ጫፍ ደርሶ ነገሩ ከሸፈ፤ በዚያው የውድድር ዘመን ዴንቨር ሻምፒዮን ሆነ። የእኛ ሰው "የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል" ይላል። ጆ ቶማስ ታገሠ፤ ምን ወለደ?

ይህንኑ ለእህቴ ልጅ አነሣሁበት። "ጋሼ፣ ከኋላው የቆመው ሰውዬ እኮ አልተመታም!" አለኝ፤ እንዴት ይህ ይጠፋሃል በሚል ዓይነት።

መልሱ ዝም አሰኘኝ። ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቼን ስለ አሳዛኝ ድርሰት ሳስተምር የምደክምበትን ነገር ነው በአንዲት ዓረፍተ ነገር የጨረሰው። የሥራ ዋጋ ሁልጊዜ ውጤት ሰሌዳው ላይ አይጻፍም። ቡድን ቢሸነፍም ከኋላ ያለን ሰው ከጉዳት መጠበቅ በራሱ የተፈጸመ በጎ ሥራ ነው። ሽንፈቱ አይሽረውም።

ጽሑፌን እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ግን ሌላ ሰው ትዝ ይለኛል።

ማይክ ዌብስተር ቶማስ በተማረበት በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የወጣ፣ እንደ እሱ የፊት መስመር ተጫዋች ነበር። ከ1974 ጀምሮ 17 የውድድር ዘመን ተጫውቷል፤ 15ቱን ለፒትስበርግ ስቲለርስ፣ ሁለቱን ለካንሳስ ሲቲ። አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ቶማስ ያጣው ሁሉ ለእሱ ተሰጥቶታል። ቅጽል ስሙ "ብረቱ ማይክ" ነበር። ብረት እንግዲህ አያመውም። ጨዋታ ካቆመ በኋላ አእምሮው ታወከ፤ ትዳሩ ፈረሰ፤ መኪናው ውስጥ የሚያድርበት ጊዜ መጣ። በ2002 ሲሞት ዕድሜው 50 ነበር።

አስከሬኑን የመረመረው ቤኔት ኦማሉ የሚባል ናይጄሪያ የተወለደ ሐኪም ነው። አንጎሉ ከላይ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። በማይክሮስኮፕ ሲመረምረው ግን ተደጋጋሚ ምት ያመጣውን ጉዳት አገኘ። የፊት መስመር ተጫዋች አንድ ጊዜ ተዘርሮ በቃሬዛ አይወጣ ይሆናል፤ ነገር ግን ጨዋታው በተጀመረ ቁጥር ከፊቱ ካለው ጋር ይላተማል። እያንዳንዷ ምት ትንሽ ናት፤ ትጠራቀማለች። ኦማሉ በ2005 ግኝቱን ሲያሳትም የሊጉ ኮሚቴ ሐኪሞች ጽሑፉ እንዲሻር ጠየቁ። አልተሻረም። የሊጉ አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን በፉትቦልና በዚህ በሽታ መካከል ግንኙነት መኖሩን በአደባባይ ያመነው በ2016 ነው። የዌብስተር የጡረታ ክርክርም ለቤተሰቡ የተወሰነው በ2006፣ እሱ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ነበር።

"ፈቅደው ገቡበት፤ ገንዘብም ተከፈላቸው" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ያስገደዳቸው የለም። ግን ሰው የሚፈቅደው የሚያውቀውን ነው። ዋጋው ያልተነገረውን ሰው "ተስማምቷል" ማለት ይቻላል ወይ? ቶማስ ከዌብስተር በተሻለ ዘመን ተጫወተ፤ አውቆ ገባ፤ በቃኝ ብሎም ወጣ። ያም ሆኖ በ2017 ገና በመጫወት ላይ ሳለ፣ የማስታወስ ችሎታው መቀነስ እንደጀመረ እንደሚመስለው በቃለ መጠይቅ ተናግሯል። ሳያቋርጥ መሰለፉን 10,363 ብለን ቆጠርንለት። ምቱን ግን ማን ቆጠረለት?

አሁን ወደ ቃላችን ልመለስ። በአማርኛ "ቻለ" ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አቅም አገኘ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ተሸከመ፣ ታገሠ ማለት ነው። ሰውየው ድንጋዩን ማንሣት "ይችላል"፤ መከራውንም "ይችላል"። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ቃል ማሰሩ ውበት አለው፤ አደጋም አለው። አቅም ያለው ሁሉ መሸከም ያለበት ይመስለናል፤ የተሸከመው ደግሞ የማያመው። "ቻይ" የሚለው ምስጋና እንዲህ ሲሆን "እንዴት ነህ?" ከማለት መገላገያ ይሆናል። ቻይነት በጎነት የሚሆነው፣ በእኔ እምነት፣ ቻዩ "በቃኝ" ማለት ሲችልና በእሱ ትከሻ የተጠቀመው ወገን ትከሻውን ሲጠይቅ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ምስጋናችን የማይከፈል ዕዳ መሸፈኛ ነው።

እህቴ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ከሠራች 16 ዓመት ሆናት። ሽማግሌዎቹን ከአልጋ ታነሣለች፣ ታጥባለች፣ መልሳ ታስተኛለች። ከሥራ ቀርታ አታውቅም። ከአዲስ አበባ በደወልኩ ቁጥር "አንቺ እኮ ቻይ ነሽ!" እላት ነበር። እሷም ትስቃለች፣ እኔም ስልኩን እዘጋለሁ።

የዚያን እሑድ ማታ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ተቀበልኳትና "ጀርባሽን ያምሻል ወይ?" አልኳት።

"ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ፣ ወንድምዬ?" ብላ ሳቀች። ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለችና መሐል ላይ ቆም አለች።

"በግራ በኩል ነው" አለችኝ። "ሦስተኛ ዓመቱ።"