ለማየትም አደብ አለው

ገንዘቡን የከፈለ ሰው ያሻውን ሁሉ የማየት መብት አለውን?

በሕንድ ውቅያኖስ ያለችው የሙስሊሞች አገር ማልዲቭስ መልስ ሰጥታለች። ሐኒፋሩ በተባለው የባሕር ወሽመጥ፣ ማንታ የሚባሉ ክንፈ ሰፊ ዓሦች ጥቃቅን የባሕር ነፍሳትን ለመመገብ ይሰበሰባሉ። ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ ተከልክሏል፤ ጎብኚው ከውኃው ገጽ ሆኖ ይመለከታል።

«ባይ ምን ወሰድኩ?» የሚል ይኖራል። ልጆቻችን ግን የሰው ቤት ሲደርሱ ሰላምታ አቅርበው ፈቃድ እንዲጠይቁ፣ በሚበላ ሰው ላይም እንዳያፈጡ እናስተምራቸው የለምን? ዓሣ «አትግቡብኝ» ብሎ መከልከል አይችልም። አደብ የሚፈተነውም ባለቤቱ መናገር በማይችልበት ቦታ ነው። የአላህን ጥበብ ማድነቅ መልካም ነው፤ የሚያደንቁትን ፍጡር ከማዕዱ ማባረር ግን ስስት እንጂ አድናቆት አይደለም።