የሌለውን የሚያይ ዓይን

የሌዊ ቦዲ የመርሳት በሽታ አልፋ ሳይኑክሊን የተባለ ፕሮቲን በአንጎል ነርቮች ውስጥ ሲከማች የሚመጣ ሕመም ነው። ክምችቱን ጀርመን ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም ፍሪትዝ ሌዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ገለጸው፤ ስያሜውም ከእርሱ ነው።

ከአልዛይመር በተለየ፣ ሕመሙ መጀመሪያ ላይ ከትውስታ ይልቅ ትኩረትንና እይታን ያውካል። ታማሚው ጠዋት የልጅ ልጆቹን በየስማቸው እየጠራ ይጫወታል፤ ከሰዓት በኋላ ያለበት ቦታ ይጠፋዋል፤ በማግስቱ ደግሞ ይመለሳል። ሲመሽ ከአልጋው ግርጌ የተቀመጡ ሕፃናት ያያል፤ የልብሳቸውን ቀለም ሳይቀር ይናገራል።

ይህ ሰው ዋሽቷል? አልዋሸም። ውሸት የሚያውቁትን መካድ ነው፤ እርሱ ግን ያየውን መሰከረ። የጤነኛ ሰው አንጎልም ከዓይን የሚደርሰውን ከሚጠብቀው ጋር እያዋደደ ነው ዓለምን የሚሥለው። በሕመሙ የሚዛባው ይህ ማዋደድ ነው፤ የሰውየው እውነተኛነት አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው የማንነት ጥያቄ ነው። ፈላስፋው ጆን ሎክ የሰውን ማንነት በንቃተ ሕሊና ላይ መሠረተ። ንቃቱ በሰዓታት ልዩነት የሚሄድና የሚመጣ ሰው ታዲያ በቀን ስንት ጊዜ ራሱን መሆን ያቆማል? መልሱ አንድም ጊዜ አያቆምም ነው። ግራ በተጋባበት ሰዓት እጁን የያዘችው ልጁ ያው አባቷን ነው የያዘችው።

ይህን አባት መጠበቅ ደግሞ ጥንቃቄ ይጠይቃል፦ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ የቅዠት ማስታገሻ መድኃኒቶች እነዚህን ሕሙማን በብርቱ ሊጎዱ፣ ለሞትም ሊዳርጉ ይችላሉ፤ አስታማሚ ሕመሙን ለሐኪም ሁሉ አስቀድሞ ይንገር።