የመብራት ማብሪያና የሰው ፈቃድ

«የሚረዳ ሰው በቤት እያለ መብራት ለማብራት ሌላ ዘዴ መፈለግ ለምን ያስፈልጋል?» ይህ ጥያቄ በብዙ ቤት ይነሣል፤ የሚነሣውም ከክፋት ሳይሆን ከፍቅር ነው። በአገራችን አረጋውያንንና ሕሙማንን በቤት መጦር እንደ ክብር ይቈጠራል፤ ለእናት መብራት ማብራትም ከአገልግሎት ሁሉ ቀላሉ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጥያቄው ጠለቅ ብሎ ሊመረመር ይገባዋል።

በስትሮክ ምክንያት ቀኝ ጎናቸው የማይታዘዝላቸውን አንዲት እናት እናስብ። ማብሪያው በበሩ አጠገብ፣ አልጋቸው ግን ከማዶ ነው። በሌሊት ቢነቁ ያላቸው ምርጫ የደከመ ልጃቸውን መቀስቀስ ወይም እስኪነጋ በጨለማ መቈየት ብቻ ነው። ልጃቸውን ላለማስቸገር ዝም ቢሉ፣ ቤተ ሰቡ ዝምታቸውን እንደ ሰላም ሊቈጥረው ይችላል። በዚህ ቤት የልጅ ፍቅር አልጐደለም፤ የጐደለው ፈቃድን ወደ ድርጊት የሚያደርስ መንገድ ነው።

ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጡት ማኅበራዊ መልእክት፣ ሰው በገዛ ጥረቱ ሊፈጽመው የሚችለውን ነጥቆ ለማኅበር መስጠት ተገቢ አለመሆኑን አስተምረዋል። ትምህርቱ የተነገረው ስለ ኅብረተሰብ አደረጃጀት ቢሆንም ለመኝታ ቤትም ይሠራል። ሰው ወድዶ የሚጠይቀው እርዳታ አለ፤ የግድግዳው አሠራር የሚያስገድደው እርዳታም አለ። የመጀመሪያው ኅብረት ነው፤ ሁለተኛው ግን ጥገኝነት ነው።

«ራስን መቻል ቤተ ሰብን አያራርቅምን?» የሚል ይኖራል። አያራርቅም። ማብሪያ ለመጫን ከመመላለስ ያረፈ ልጅ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ለመጫወት ጊዜ ያገኛል።

መፍትሔውም ሁልጊዜ ውድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የአሜሪካ የተደራሽነት መመዘኛ ማብሪያን የመሰሉ መሣሪያዎች ከወለል በ38 እና በ122 ሳንቲ ሜትር መካከል እንዲሆኑ፣ አጥብቆ መጨበጥን፣ መቈንጠጥን ወይም አንጓን ማዞርን ሳይጠይቁ በአንድ እጅ እንዲሠሩ ያዝዛል። ስለዚህ ጣት ለማይታዘዝለት ሰው በክርን የሚጫን ሰፊ ማብሪያ፣ ከአልጋ ለማይነሣ ደግሞ በራስጌውና በበሩ ከሁለቱም ቦታ የሚሠራ ማብሪያ ይስማማል። ሽቦ መዘርጋት ካልተቻለ ማብሪያው በገመዱ ላይ የሆነ የራስጌ መብራት ይበቃል። በድምፅ የሚታዘዙ አዳዲስ መሣሪያዎችም አሉ፤ ነገር ግን በኢንተርኔት የሚሠሩት ኔትወርክ ሲቋረጥ አይታዘዙም፤ ሕመሙ አንደበቱን የያዘበትንም ሰው አይረዱም። ስለዚህ በእጅ የሚሠራው አብሮ ይኑር።

እንቅስቃሴ አይቶ በራሱ የሚበራ መብራትስ? በመተላለፊያና በመጸዳጃ ቤት መልካም ነው። በመኝታ ቤት ግን ሰው በተገላበጠ ቍጥር ሊበራ ይችላል። የተፈለገው ብርሃን ብቻ አልነበረም፤ ጨለማንም መምረጥ የሰው መብት ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ደነገገ። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጸደቀች። ሆኖም አልጋና ማብሪያ የት እንደሚቀመጡ የሚወስነው ቤተ ሰቡ ነው፤ ኃላፊነቱም የእርሱ ነው።

እንግዲህ ሕሙማንን በየቤታቸው የምትጐበኙ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ «ምን ላድርግልዎ?» ከማለት ጋር «በራስዎ ምን ለማድረግ ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከመጠራቱም በፊት ሕመምተኛው ከተኙበት ሳይነሡ ደኅናውን እጃቸውን ይዘርጉ፤ በግድግዳው ላይ ምልክት የሚደረገው ያ እጅ በደረሰበት ነው።