ይግባኝ ማለት ንስሓን ያፈርሳልን?

በአቃቂ ቃሊቲ እሥረኞችን የሚጠይቁ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ጥፋቱን ያመነ ሰው ይግባኝ ቢል ንስሓው እውነተኛ ነውን? በተለይ በአደንዛዥ ዕፅና በጦር መሣሪያ ወንጀል በአንድነት ለተፈረደበት ሰው የሚራራ ጥቂት ነውና፣ ጥያቄው ቀላል አይደለም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ለተደራራቢ ወንጀሎች የእያንዳንዱ ቅጣት ተሰልቶ እንዲደመር ያዛል፤ ጽኑ እሥራቱ ግን ከ25 ዓመት አያልፍም። ዕፁ የሕዝብን ጤና፣ መሣሪያው የሕዝብን ሰላም ይጎዳልና ሁለት ሆነው መቆጠራቸው አግባብ ነው። የሚያሳስበን ሌላ ነው። በአንድ ሰው ወገብ የተገኘ ሽጉጥ ለብቻው ወንጀል ሆኖ ከተቀጣ በኋላ፣ ደግሞ የዕፁን ቅጣት ማክበጃ ሆኖ ቢቀርብስ? አንዱ ክፋት ሁለት ጊዜ ተመዘነ ማለት ነው። የሕጉም መንፈስ ይህን አይወድም፤ የወንጀሉ ማቋቋሚያ ሆኖ አስቀድሞ የተቆጠረውን ነገር ዳኛው እንደገና ለማክበጃ እንዳይወስደው ይከለክላልና። እንዲህ ያለውን ስሕተት ማመልከት ክህደት አይባልም።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ልዩነቱን በግልጽ አስቀምጦታል። አምኖ የተፈረደበት ሰው በጥፋተኛነቱ ላይ ይግባኝ ሊል አይችልም፤ በቅጣቱ ልክና ሕጋዊነት ላይ ግን ይችላል። ለሕሊናም ከዚህ የተሻለ መለያ አላገኘንም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በፊስጦስ ፊት ወደ ቄሣር ይግባኝ ሲል፣ ለሞት የሚያበቃ በደል ቢገኝበት ከሞት እንደማይሸሽ ተናግሮ ነበር። «እርሱ ግን ንጹሕ ነበር» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ሆኖም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የይግባኝን መብት ሲሰጥ ንጹሑን ከበደለኛው አልለየም፤ መልካምም አደረገ።

ንስሓ የሚፈርሰው በሌላ ቦታ ነው። ቅጣት ይቀልለት ዘንድ የሐሰት የሕመም ማስረጃ የሚያስጽፍ፣ ወይም የራሱን ድርሻ በባልንጀራው ላይ የሚጭን፣ እርሱ ያመነውን መልሶ ክዶአል። ቤተሰብም በፍቅር ስም ወደዚህ ሲገፋው አይተናል፤ ፍቅር ነው ለማለት ግን እንቸገራለን። በዕፁ የተጎዱት የሰፈር ልጆችም ወላጆች አሏቸው።

በዚያው ሥርዓት ይግባኝ ባዩ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ ማመልከቻውን ማቅረብ አለበት። ስለዚህ እሥረኛ የሚጠይቅ መምህር ከምክሩ አስቀድሞ ግልባጩ ደርሶት እንደ ሆነ ይጠይቀው።