የቀፊራ ዘይቱንና የሲጋራው ጢስ

ልጄ፣ በቀደም «ሲጋራውን አጨሳለሁ፣ ግን በየቀኑ ጁስ እጠጣለሁ፤ ጁስ ሳንባ ያጥባል» ስትል ዝም ያልኩህ ነገሩን ተቀብዬልህ አይደለም። ጓደኞችህ ፊት ላሳፍርህ ስላልፈለግኩ ነው። አሁን ብቻችንን ነንና የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ እውነት ያለበትን ልስጥህ። የሲጋራ ጢስ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉበት፤ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ መሆናቸው ታውቋል። ጢሱ ሳንባህ ሲደርስ የሕዋስህን ግድግዳ የሚበላ መርዝ ይዞ ነው። ሰውነትህ ይህን የሚመክትበት አንዱ ኃይል ከአትክልትና ከፍራፍሬ የሚያገኘው ነው፤ ሐኪሞች አንቲኦክሲደንት ይሉታል። ቫይታሚን ሲ ከእነዚህ አንዱ ነው። አጫሽ ግን ይህን ቫይታሚን ከሌላው ሰው ፈጥኖ ይጨርሰዋል። ስለዚህም የአሜሪካ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት መመሪያ፣ የሚያጨስ ሰው ከማያጨሰው በቀን 35 ሚሊግራም ጨምሮ እንዲያገኝ መክረዋል።

በዚህስ ድሬዳዋችን የታደለች ናት። ቀፊራ ገበያ ገብተህ የምታልፈው ያ ዘይቱን፣ 100 ግራሙ ከ200 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ከብርቱካን አራት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ፓፓያውም ማንጎውም አለልህ፤ ከሐረማያ በኩል የሚወርደው ጎመንና ካሮትም እንደዚሁ። ቲማቲሙንም አትናቀው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት በጀርመን፣ በኖርዌይና በእንግሊዝ 650 የሚሆኑ ሰዎችን ለአሥር ዓመት ተከታትሎ ነበር። በቀን ከሁለት በላይ ትኩስ ቲማቲም ወይም በርከት ያለ ፍራፍሬ የሚበሉት ሰዎች የሳንባቸው አቅም የሚቀንሰው ቀስ ብሎ ሆኖ ተገኘ። የታሸገ የቲማቲም ስጎ ግን ይህን አላሳየም። ልብ በልልኝ፣ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው እያጨሱ ባሉት ላይ ሳይሆን ማጨስ ባቆሙት ላይ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ከፋርማሲ የቫይታሚን እንክብል ገዝተህ በላዩ ላይ ለማጨስ አስበህ ከሆነ፣ እባክህ ተው። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶችን የያዘ ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። ካሮትን ቢጫ ከሚያደርገው ቤታ ካሮቲን በየቀኑ 20 ሚሊግራም በእንክብል ለገሚሶቹ ተሰጠ፤ ሳንባን ከካንሰር ይጠብቃል ተብሎ ታስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ፣ እንክብሉን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ ከ18,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ተመሳሳይ ጥናትም ጭማሪው 28 በመቶ ሲደርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ጊዜው ሳይሞላ እንዲቆም ተደረገ። ካሮቱን በሳህን ብላው፣ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ ተጨምቆ በብዛት በሚዋጠው ላይ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ይህን የከተማችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ማንም ግን አያነሳውም። በርጫ ላይ ሲጋራው ከጫቱ ጋር ይከታተላል። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ሲጋራም ጣዕም ያደበዝዛል። ከሰዓት በኋላ ተቀምጠህ እስከ ማታ ስትቅም፣ ሳንባህን ይመክታል ያልኩህ ዘይቱንም ጎመንም በአፍህ አይዞርም። ጁሱም ቢሆን ስኳሩ እየበዛ ነው የሚቀርብልህ። መስኮት በተዘጋ ክፍል ደግሞ የጓደኛህን ጢስ ጨምረህ ትስባለህ፤ እሱም ያንተን።

«ወተት ጠጣበት» የሚሉህም አሉ። ወተቱ የሚገባው ሆድህ ነው፤ ጢሱ ያለው ሳንባህ ውስጥ ነው። ጥሩ ምግብም ቢሆን እንዲህ ነው፤ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ በር ላይ የአሸዋ ጆንያ መደርደር ያድናል፤ ጎርፉን ራሱን በየቀኑ እየጠራህ ብትደረድር ግን ምን ያተርፍሃል?

ስለዚህ ምግቡንም ብላ፣ ሲጋራውንም አቁም። ባቆምክ በቀናት ውስጥ ከጢሱ የገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደምህ ይወጣል። በአንድ ዓመት፣ ማጨስህ በልብህ ላይ የጨመረው አደጋ በግማሽ ይወርዳል፤ የሳንባ ካንሰሩ አደጋ ደግሞ በአሥር ዓመት አካባቢ። ወጣት ነህ፤ ያ ሁሉ ዓመት አለህ።

ከየት ልጀምር ካልከኝ፣ በርጫውን ለሁለት ወር ራቀው፤ ሲጋራህ የተያያዘው ከእሱ ጋር ነውና። ምሳህን በደንብ ብላ። ሱሱ ሲመጣብህ ዘይቱን ወይም ካሮት አኝክ፤ ለአፍህ ሥራ ይሰጠዋል፣ ሱሱም በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። ያ ሌሊት ሌሊት የምሰማው ሳልህ ደግሞ ሁለት ሳምንት ካለፈው አትጠብቅ። ሲጋራ ለቲቢም ያጋልጣል። ነገ ጠዋት ድል ጮራ ሆስፒታል ሄደህ አክታህን አስመርምር፤ ብቻህን መሄድ ከከበደህ እኔ አብሬህ እሄዳለሁ።