መዝገብ ማቃጠልና ሰው መግደል፦ የአመፀኛ አናርኪዝም የሥነ ምግባር ጥያቄ

አናርኪዝም፣ ማንም ሰው ሌላውን የማዘዝ ተፈጥሯዊ መብት የለውም ከሚል እምነት ተነሥቶ መንግሥትን፣ የጥቂቶችን የሀብት የበላይነትና ከላይ ወደ ታች የሚወርድን ሥልጣን ሁሉ የሚቃወም የፖለቲካ ፍልስፍና ነው። ተከታዮቹ ገዥና ተገዥ የሌለበት ማኅበረሰብ ሊኖር ይገባል በሚለው ላይ አንድ ልብ ቢሆኑም፣ ወደዚያ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ግን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲከራከሩ ኖረዋል። ከተከራካሪዎቹ አንዱ ወገን፣ አመፀኛ አናርኪዝም የሚባለው፣ ሕዝቡ ተምሮ እስኪነቃና ማኅበሩ ተደራጅቶ እስኪጠነክር መጠበቅ በራሱ ሌላ ዓይነት መገዛት ስለሆነ አመፁ ዛሬውኑ፣ ባለው ሰውና ባለው አቅም መጀመር አለበት ይላል። የዚህ ወገን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በቦምብና በችሎት ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ጥያቄ የሥነ ምግባር ፍልስፍና ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ማንም በማንም ላይ ሥልጣን የለውም የሚል ሰው በሌላው ሞትና ሕይወት ላይ ለመፍረድ የሚያበቃውን ሥልጣን ከወዴት ያገኛል የሚለው ነው።

ለጥያቄው መሠረት የጣለው፣ በርሊን በሚገኝ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ጀርመናዊው ማክስ ሽቲርነር ነው። ሽቲርነር እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው መጽሐፉ አብዮትንና አመፅን ለይቶ አይቷል። አብዮት አንዱን ሥርዓት አፍርሶ በሌላ ሥርዓት የሚተካ የፖለቲካ ሥራ ሲሆን፣ አመፅ ግን አንድ ሰው ሌሎች እንዲያስተዳድሩት አልፈቅድም ብሎ ቀና ከማለቱ የሚጀምርና የመንግሥት መውደቅ ቢከተለውም እንኳ ዋና ዓላማው ያ ያልሆነ ተግባር ነው። ሽቲርነር ራሱን አናርኪስት ብሎ አልጠራም፣ መሣሪያም አላነሣም፤ ሆኖም አመፅ ከድርጅት ሳይሆን ከሰው ይጀምራል የሚለው ሐሳቡ ከእሱ በኋላ ለመጡት ሁሉ ስንቅ ሆኗል።

ሐሳቡን ወደ መንደር ያወረዱት የሩሲያዊው የሚኻይል ባኩኒን የኢጣሊያ ተከታዮች ናቸው። ባኩኒን በድሃው ገበሬ ልብ ውስጥ የተዳፈነ እሳት እንዳለና አመፀኛው ገልጦ ከማራገብ በቀር ሌላ ሥራ እንደሌለው ያምን ነበር። ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወልዶ ውርሱን ለእንቅስቃሴው የጨረሰው ካርሎ ካፊዬሮና ወጣቱ ኤሪኮ ማላቴስታ በ1876 መጨረሻ ይህን እምነት በጽሑፍ አጸኑት፤ የአመፅ ተግባር ከማንኛውም ንግግርና ጋዜጣ ይልቅ ሕዝቡን ያስተምራል አሉ። «በተግባር መስበክ» የሚባለው ትምህርት የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው።

በሚያዝያ 1877 ሁለቱ ከሃያ ከሚበልጡ ጓደኞቻቸው ጋር መሣሪያ ይዘው ከኔፕልስ በስተ ሰሜን ወደሚገኙት የማቴሴ ተራሮች ወጡ። ሌቲኖ በምትባል መንደር የማዘጋጃ ቤቱን ይዘው ንጉሥ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ መሻሩን አወጁ፣ የግብርና የመሬት መዝገቡንም አውጥተው በሕዝብ ፊት አቃጠሉ። በዚያ ዘመን የኢጣሊያ መንግሥት እህል በሚፈጭ ሰው ላይ ግብር ጥሎ፣ በየወፍጮ ቤቱ የድንጋዩን ዙር የሚቆጥር መሣሪያ አስገጥሞ ስለነበር፣ አመፀኞቹ ይህንንም ቆጣሪ ሰባበሩት። የመንደሯ ቄስ ከእነሱ ጋር ቆሞ ሕዝቡን አነጋገረ። የማዘጋጃ ቤቱ ሹማምንት በኋላ ከመጠየቅ የሚያድናቸው ማስረጃ በፈለጉ ጊዜ፣ አመፀኞቹ ማዘጋጃ ቤቱን በማኅበራዊ አብዮት ስም በጦር መሣሪያ መያዛቸውን የሚገልጽ ወረቀት ጽፈው በስማቸው ፈርመው ሰጧቸው። ይህች ፊርማ ከእሳቱ ይልቅ ልትታሰብ ይገባል፤ የሰው ልጅ የታሰረበትን ወረቀት ሲያቃጥሉ፣ ያቃጠሉት እነሱ መሆናቸውንና ለሥራቸው ራሳቸው የሚጠየቁ መሆናቸውን የሚናገር ወረቀት ትተው ሄደዋልና። ጋሎ በምትባል መንደርም እንዲሁ አደረጉ። ገበሬው እልል አለ እንጂ አልተከተላቸውም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም በበረዶና በዝናብ ደክመው በወታደር ተያዙ፣ በነሐሴ 1878 ደግሞ ቤኔቬንቶ ላይ የተሰየመው ችሎት በነፃ አሰናበታቸው።

ይሁን እንጂ የማቴሴ ታሪክ ከደም ንጹሕ አይደለም። ወደ ተራራው ከመውጣታቸው በፊት ሳን ሉፖ አጠገብ ከካራቢኒየሪ፣ ማለትም ከኢጣሊያ ወታደራዊ ፖሊስ ጋር ተኩስ ተለዋውጠው ሁለት ሰዎች ቆስለዋል፤ አንደኛውም በኋላ ሞቷል። ይህ ሞት ሊሸፋፈን አይገባውም። ነገር ግን በሳን ሉፖ የወደቀው ሰው ሊይዛቸው ከመጣ የታጠቀ ኃይል ጋር በተደረገ ተኩስ የወደቀ እንጂ፣ ሞቱ ለሌላው ትምህርት ይሆናል ተብሎ አስቀድሞ የተመረጠ አልነበረም። ልዩነቱ ለሟቹ ቤተሰብ ምንም ላይሆን ይችላል፤ አመፅን ለሚመረምር ፍልስፍና ግን ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት ያው «በተግባር መስበክ» የሚለው ስም ፈጽሞ ሌላ ነገር መሸከም ጀመረ። በየካቲት 1894 የ21 ዓመቱ ኤሚል ኦንሪ በፓሪስ ሰው ያነሰባቸውን ሌሎች ቡና ቤቶች እየተወ አልፎ በሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለው ካፌ ቴርሚኑስ ገባ፤ ቢራ አዝዞ ከጠጣ በኋላ ሙዚቃ በሚሰሙት እንግዶች መካከል ቦምብ ወረወረ። አንድ ሰው ሞተ፣ ሃያ ያህል ቆሰሉ። በችሎት ሲከራከር፣ በዚያ ከተቀመጡት መካከል ከበደል ነፃ የሆነ የለም፣ ባለው ሥርዓት ረክቶ የሚኖር ሁሉ ተጠያቂ ነው አለ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በጊዮቲን ተቀጣ።

የኦንሪን ክርክር የቁጡ ወጣት ቃል ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው፤ የተማረና አጥርቶ የሚያስብ ሰው ነበርና። ድክመቱ ያለው በአመክንዮው ውስጥ ነው። ሰውን በሠራው ሳይሆን በተቀመጠበት ስፍራና በመደቡ የሚፈርድ ሰው፣ ራሱን ሕግ አውጪም ዳኛም ቅጣት አስፈጻሚም አድርጎ ሾሟል፤ መንግሥት እንኳ፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ፣ ለሦስት ከፍሎ የያዘውን ሥልጣን በአንድ እጅ ጠቅልሏል። የፈረደበት ሰው ስሙን አይጠየቅም፣ መልስ አይሰጥም፣ ይግባኝ አይልም። አናርኪዝም ከመንግሥት ሁሉ ክፉው ነው የሚለው መንግሥት ከዚህ የከፋ አይደለም። የፈረንሳይ ምክር ቤት በዚያው ሰሞን ያወጣቸው ጨካኝ ሕጎች የሠራተኛውን ጋዜጣና ማኅበር ማፈናቸው ሌላው ጉዳት ነበር፤ ነገር ግን ኦንሪ የተሳሳተው ድርጊቱ ስላልጠቀመ ብቻ ነው ማለት ጉዳዩን ማሳነስ ይሆናል።

ይህን ቀድመው ያዩት ራሳቸው አናርኪስቶቹ ናቸው። የጀርመኑ ጉስታቭ ላንዳወር በ1901 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በተገደለ ጊዜ፣ በግድያ የሚመጣ ነፃነት እንደሌለና ገዳዩ ሊያጠፋው የተነሣውን የገዥነት መንፈስ በራሱ ውስጥ ተሸክሞ እንደሚሄድ ጻፈ። መንግሥት በሰዎች መካከል ያለ ግንኙነት እንጂ በድንጋይ የሚሰበር ዕቃ አይደለም የሚለው ትምህርቱም ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነው። ከእሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በውጫሌ ውልና በዓድዋ ጦርነት ዘመን የኢጣሊያ ንጉሥ የነበረውን ኡምቤርቶን አናርኪስቱ ጋኤታኖ ብሬሺ በገደለው ጊዜ፣ ሌቭ ቶልስቶይ «አትግደል» በሚል ርእስ ሐሳቡን ገልጿል። ቶልስቶይ ሕዝብን በጦርነትና በስቅላት የሚፈጁ ነገሥታት ሲገደሉ መደነቅ አይገባም አለ፤ ሆኖም ንጉሥን የሚያነግሠው የሕዝቡ መታዘዝ ስለሆነ አንዱን መግደል ሌላውን ከማንገሥ በቀር ምንም አይለውጥም ሲል የኦሪቱን ትእዛዝ ለገዥውም ለአመፀኛውም እኩል አነበበው። ቶልስቶይ ማናቸውንም ኃይል ስለሚከለክል፣ በጉልበት የሚያጠቃን ለመመከት እንኳ ቦታ አይተውም፤ በዚህ ላይ ተበዳዩን ባዶ እጁን ያስቀረዋል ማለት ይቻላል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አመፀኛ አናርኪዝምን ያደሰው የካታኒያው ተወላጅ አልፍሬዶ ቦናኖ (1937–2023) ነው። በ1977 በወጣውና ለእስር ፍርድ በዳረገው «የታጠቀ ደስታ» በተባለው መጽሐፉ፣ ራሱን መሥዋዕት እያደረገ እንደ ሠራተኛ ሰዓት ቆጥሮ የሚታገለውን ታጋይ ነቀፈ፤ እንደ ቀይ ብርጌዶች ያሉትን የታጠቁ ድርጅቶችም መንግሥትን የሚመስሉ ጥቃቅን መንግሥታት ናቸው ሲል ተቃወማቸው። በምትኩ ያቀረበው በመተዋወቅና በመተማመን የተሳሰሩ፣ ቋሚ መሪና ደንብ የሌላቸው፣ ከባለሥልጣን ጋር የማይደራደሩ ትናንሽ ቡድኖችን ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሲሲሊ ኮሚሶ ሊተከል የታቀደውን የአሜሪካ የኑክሌር ሚሳይል ጣቢያ ለመቃወም ሰዎችን ለማሰባሰብ የሞከረው በዚህ ዘዴ ነበር።

ቦናኖ ሥልጣን በአመፀኞች መካከል እንዳይበቅል በብርቱ አሰበ፤ አመፀኛው በሚያጠቃው ሰው ላይ ስለሚይዘው ሥልጣን ግን ያን ያህል አላሰበም። መሪ የሌለው ቡድን ያለ መሪ ሊፈርድ ይችላል፤ የተፈረደበት ሰው ግን ከፈራጆቹ መካከል አለቃ ባለመኖሩ ነፃ አይወጣም። ማላቴስታ በ1924፣ የፋሺስቶች ዱላ በጓደኞቹ ላይ በሚወርድበት ወራት፣ ጉልበት የሚፈቀደው ጉልበትን ለመመከት ብቻ መሆኑን አስረድቶ፣ ድል የሚገኘው በአደባባይ መስቀያ በማቆም ከሆነ መሸነፍን እንደሚመርጥ ጽፎ ነበር። ሌቲኖ ላይ በስሙ የፈረመው ሰው ያለው ይህን ነው፤ ከቦናኖ ወዲህ አመፅን የሚሰብኩ ሁሉ ከማንኛውም ዓቃቤ ሕግ ክስ በፊት መልስ ሊሰጡበት የሚገባቸውም ይኸው ቃል ነው።